ሶላሩ ከተተከለ በኋላ፦ ስለ ወሎ ገጠር መብራትና ውሃ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ውሃና ኢነርጂ ቢሮ፣
ለሰሜን ወሎና ለደቡብ ወሎ ዞኖች የውሃ፣ የጤናና የትምህርት መምሪያዎች፣
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣
በወሎ ገጠር ሶላር ለምትለግሱና ለምትተክሉ ሁሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 መብራት ለሁሉም ይደርሳል ብሎ ነበር። 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጪ፣ በተለይም በሶላር። ያ ዓመት አልፏል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ ደስታው የሁላችንም ነው። ነገር ግን ግድቡ ጋ ያለው ኃይል ደላንታ ከገደሉ ማዶ ያለች ጎጥ እስኪደርስ ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ብዙ ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያው በሌሊት የምትወልድ እናት፣ ማታ የሚያጠና ልጅና ውሃ የሚጠብቅ ጀሪካን በሶላር ላይ ናቸው። ይህ ደብዳቤም ስለዚያ ሶላር ነው። ስንት ተተከለ የሚለው በየሪፖርቱ አለ። እኛ የምንጠይቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ እየሠራ ነው የሚለውን ነው።

ጥያቄያችንን መጀመሪያ እናስቀምጥ። ለየትኛውም ጤና ኬላ፣ ትምህርት ቤት ወይም የውሃ ተቋም ሶላር ከመተከሉ በፊት የሚቀጥለው ባትሪ የሚገዛበት ገንዘብ፣ የሚንከባከበው ሰውና መለዋወጫው የሚገኝበት ቦታ በጽሑፍ ይታወቅ። ካልታወቀ አይተከል። ይህን የምንለው ሥራ ለማጓተት አይደለም። ፓኔል ከ20 ዓመት በላይ የሚያገለግል ዕቃ ነው፤ ባትሪ ግን በደንብ ከተያዘ ከ4 እስከ 6 ዓመት፣ ካልተያዘ ከ1 እስከ 2 ዓመት ነው። ስለዚህ በአንድ ፓኔል ዕድሜ ባትሪ ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ መቀየሩ አይቀርም። የመጀመሪያውን ብቻ ገዝቶ መሄድ ማለት ከጥቂት ዓመት በኋላ ጣሪያው ላይ ጤነኛ ፓኔል፣ ከሥሩ ጨለማ ቤት መተው ነው።

ባትሪ የሚሞተው በአንድ ቀን አይደለም፣ አሟሟቱም ከቦታ ቦታ ብዙ አይለያይም። መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አምፖሉ ይደክማል። ቀጥሎ ቻርጅ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ወደ ባትሪው የሚገባውንና ከእሱ የሚወጣውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ ቀይ መብራት አብርቶ ይዘጋል። ኮንትሮለሩ ይህን የሚያደርገው ባትሪውን ለማዳን ነው፤ ቤቱ ውስጥ ላለው ሰው ግን የተበላሸው እሱ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሽቦውን ከኮንትሮለሩ ነቅሎ ቀጥታ ባትሪው ላይ ያስረዋል። መብራቱ ይመጣል፣ ሁሉም ይደሰታል። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ባትሪውን የሚጠብቀው የለም። ወደ 10 ቮልት ይወርዳል፣ በከፊል ባዶ ሆኖ ሲከርም በውስጡ ባሉት የሊድ ሰሌዳዎች ላይ ነጭ ጨው መሰል ነገር ይጋገርበታል፤ ያ ከጠነከረ በኋላ ምንም ያህል ፀሐይ ቢወጣ ባትሪው አይሞላም። ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል።

ሰውየው ኮንትሮለሩን ያለፈው ስለተቸገረ ነው። የችግሩ ምንጭ ሒሳቡ ላይ ነው፤ ሒሳቡም ከባድ አይደለም። አንድ ጤና ኬላ 7 ዋት የሆኑ 6 አምፖሎች በቀን 5 ሰዓት ቢያበራ 210 ዋት ሰዓት ነው። ለማዋለጃው 10 ዋት ጠንካራ መብራት 4 ሰዓት፣ 40። ለሠራተኞች ስልክና ታብሌት 50። በድምሩ 300 ዋት ሰዓት። በሽቦ፣ በባትሪና በኮንትሮለር የሚባክነውን ጨምረን ለ0.65 ስናካፍል ፓኔሉ በቀን 460 ገደማ ማምጣት አለበት። በሐምሌና ነሐሴ ደመና ውስጥ በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብንቆጥር 115 ዋት ይደርሳል፤ 150 ዋት ፓኔል እንላለን። ሦስት ቀን ደመና ቢሆን እንዲያሻግርና ባትሪው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ 300 በ3 ተባዝቶ፣ ለ0.5 ከዚያም ለ12 ቮልት ሲካፈል 150 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ የሁሉም ተቋራጭ ወረቀት ትክክል ነው።

ወረቀቱ ላይ የሌለው ጎረቤት ነው። መብራት በሌለበት ቀበሌ ጤና ኬላው ሶላር ካለው የመንደሩ ስልክ ሁሉ እዚያ ይመጣል፣ ቢመጣም አይገርምም፤ ስልክ ለመሙላት ሰዓታት በእግር የሚሄድ ሰው አለ። የ25 ሰው ስልክ፣ ለእያንዳንዱ 10 ዋት ሰዓት ብንይዝ፣ 250 ነው። ማታ ማታ 80 ዋት ቴሌቪዥን ለ6 ሰዓት ከተከፈተ 480 ይጨመራል። 300 ተብሎ የተሠራው ሥርዓት 1,030 ይጠየቃል። “ስልክ መሙላት ክልክል ነው” የሚል ወረቀት በር ላይ መለጠፍ መፍትሔ አይሆንም። ዘመዱን፣ የክርስትና ልጁን፣ የቅሬ (የዕድር) ባልደረባውን እምቢ የሚል ሠራተኛ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ለስልክ የራሱ ፓኔል፣ የራሱ ኮንትሮለርና የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው፣ ከማዋለጃው ጋር በሽቦ የማይገናኝ ሌላ መስመር ከመጀመሪያው አብሮ ይተከል። ወጪው ከአንድ የሞተ 150 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያነሰ ነው፣ በዚያ ላይ ገቢ ያመጣል።

የክትባት ማቀዝቀዣም እንዲሁ ለብቻው ይሁን። አሁን ያለ ባትሪ ቀጥታ ከፓኔል የሚሠሩ፣ ቅዝቃዜውን በበረዶ የሚያቆዩ ማቀዝቀዣዎች አሉ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይጠብቃሉ። ከእነሱ ፓኔል ላይ አምፖል የሚቀጥል እጅ ክትባቱን እያበላሸ መሆኑን ይወቅ።

ስለ ሽቦ ትንሽ ዘርዘር ማድረግ ግድ ነው፤ ብዙ ጊዜ “ፓኔሉ ደካማ ነው” የሚባለው ጥፋት የሽቦ ነውና። 12 ቮልት ላይ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ፓኔሉ ከባትሪው 15 ሜትር ቢርቅ፣ ደርሶ መልስ 30 ሜትር መዳብ ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 10 አምፔር ሲያልፍ 1.3 ቮልት ይጠፋል፣ ከአሥር በመቶ በላይ ማለት ነው። ባትሪው ለመሙላት 14.4 ቮልት ይፈልጋልና ይህን ያህል መጥፋቱ ጥቂት ቢመስልም ባትሪውን በየቀኑ ጎደሎ ያሳድረዋል። በ16 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የሚጠፋው 0.33 ቮልት ብቻ ነው። ተቋራጭ የሚቆጥበው እዚህ ላይ ስለሆነ የተረካቢ ኮሚቴ አባላት ፓኔል ከመቁጠር በፊት ሽቦው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። የባትሪውን ጫፍ የሚያስረው ሞርሴቶም ይነካ፤ በእጅ ከተንቀሳቀሰ ላልቷል፣ ከሞቀ እየባከነ ነው፣ አረንጓዴ ዱቄት ካወጣ በሞቀ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ፣ ደርቆና ጠብቆ ታስሮ ቫዝሊን ይቀባ።

የፓኔሉ ተዳፋት ሌላው ነው። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 እና 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓኔል ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ይበቃዋል፤ ከፍታው 1 ሜትር ለሆነ ፓኔል የላይኛው ጫፍ ከታችኛው 26 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል 15 ዲግሪ ነው፣ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ከሌላ አገር በመጣ ሥዕል እያዩ 30 ዲግሪ የሚያቆሙ አሉ። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን የምታልፍ ስለሆነ እንዲህ ያለው ፓኔል ደመና ባለበት ወቅት ላይ ጀርባውን ይሰጣታል። ጭራሽ ጠፍጣፋ ማድረግም አይሆንም፤ አቧራውን ዝናብ አያጥበውም፣ ውሃ ያቁራል። ደግሞም ባሕር ዛፍ። ግቢው ዙሪያ ችግኝ ይተከላል፣ በሦስት ዓመት ከጣሪያው በላይ ይሆናል፤ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ፓኔሉ ላይ ካረፈ የሚቀንሰው የተሸፈነውን ያህል ብቻ አይደለም፣ በተከታታይ የታሰሩትን ሴሎች በሙሉ በጣም ደካማው ይጎትታቸዋል። ችግኝ ሲተከል ከፓኔሉ በስተምሥራቅ፣ በስተደቡብና በስተምዕራብ ያለው ክፍት ሆኖ ይቆይ።

ደጋና ቆላ አንድ ዓይነት ዕቃ መላክም ይቅር። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም፤ በለጋምቦና በግዳን ብርድ ላይ ከቆቦ የተሻለ ይሠራል። ባትሪ ግን በሁለቱም ይጎዳል። ብርዱ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ የሊድ ባትሪ ከአቅሙ 80 በመቶ ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ስለዚህ ለደጋው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ባትሪ። በቆቦ፣ በመርሳና በባቲ ደግሞ ሙቀቱ ዕድሜውን ይበላዋል፤ ከመደበኛው 25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ ከጣሪያው አጠገብ የተቀመጠ ባትሪ ስድስት ዓመት ተብሎ ሦስት ቢያገለግል የተሸጠው ውሸት ስለሆነ አይደለም። ወለሉ አጠገብ በእንጨት መደብ ላይ፣ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ በኩል፣ አየር የሚገባበት ላይ ይቀመጥ። ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝ እሳት ይይዛልና ኩራዝና ሻማ አይጠጋው።

አሲዱ የሚታይ ባትሪ ከሆነ በየወሩ ይታይ። ፈሳሹ ከሰሌዳው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል በላይ መሆን አለበት። ሲጎድል የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ነው። የምንጭም የቧንቧም ውሃ ማዕድን ስላለው ሰሌዳውን ያበላሻል፤ አሲድ መጨመር ደግሞ የባሰ ነው። መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ጠዋት፣ ምንም ሳይበራ ሲያድር ይለካ፦ 12.7 ቮልት ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ፣ 11.9 ባዶ ሊሆን የቀረበ። ልኬቱ በየሳምንቱ በደብተር ላይ ከተጻፈ ባትሪው ከመሞቱ ከወራት በፊት ይታወቃል። የመኪና ባትሪ ገበያ ላይ ረከስ ብሎ ስለተገኘ ብቻ አይገዛ፤ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ለመስጠት አልተሠራም። አዲሱ የሊቲየም ባትሪ ወደ 10 ዓመት ያገለግላል፣ ወደ ታችም ሳይጎዳ ይወርዳል፣ ዋጋው ቢከብድም ለሩቅ ቀበሌ እኛ እሱን እንመርጣለን። ሲቀየር ግን ኮንትሮለሩ ለሊቲየም ካልተስተካከለ በሊድ ቮልቴጅ እየገፋው ባትሪው ራሱን ይዘጋል፣ “አዲሱም ተበላሸ” ይባላል። አሮጌው የሊድ ባትሪ አሲዱ ሳይደፋ እንዳለ ይመለስ። ሊድ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፣ ልጆች ይጫወቱበታል።

የውሃ ፓምፕ ባትሪ ስለሌለው ይሻላል፤ ማጠራቀሚያው ታንከሩ ነው። 1,200 ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ቢያገኝ 30 ሜትር ኩብ ነው። ውሃው ከጉድጓዱ እስከ ታንከሩ በአጠቃላይ 80 ሜትር ቢወጣ፣ ብክነቱን ጨምሮ ፓምፑ በቀን 14.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። በዲዝል ጄኔሬተር ይህ በየቀኑ ወደ 5 ሊትር ነዳጅ ነው፣ ከከተማ በጀሪካን ተጭኖ የሚመጣ። በሶላር 4 ኪሎ ዋት ፓኔል ይበቃዋል። ለወሎ የተመቸ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ፤ በበጋ ምንጭ ሲደርቅና ወረፋው ሲረዝም ፀሐዩም ይበረታል፣ በክረምት ፀሐይ ሲያንስ ሰዉም ከጉድጓዱ የሚቀዳው ያንሳል። የሚበላሸው ግን እዚህ ነው፦ ያ ፓምፕ ቀትር ላይ በሰከንድ ወደ 2 ሊትር ይስባል። ጉድጓዱ 1.2 ብቻ የሚሰጥ ከሆነ በየቀኑ ከቀትር ጀምሮ ፓምፑ ደረቅ ይሽከረከራል፣ ሞተሩ በማይታይ ጥልቀት ውስጥ ይቃጠላል። የጉድጓዱ የፍተሻ ውጤት ሳይታይ ፓምፕ አይታዘዝ። የውሃውን ደረጃ አይቶ የሚያቆመው ሴንሰርም “አስቸገረ” ተብሎ ሽቦው እንዳይቆረጥ።

መስመር የደረሰበትም ቢሆን ሰላም የለውም። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት ሰሜን ወሎ ለወራት በጨለማ ከርሟል፣ የተመለሰው መስመር ላይ ሕዝቡ ያለው ተስፋ ትልቅ ነው። በገጠር ከተሞች በተደጋጋሚ የሚቃጠለው ትራንስፎርመር ግን በጦርነት አይደለም። 50 ኪሎ ቮልት አምፔር ባለ ሦስት ፌዝ (ሦስት የኃይል መስመር ያለው) ትራንስፎርመር በአንድ ፌዝ ወደ 17 ብቻ ይሸከማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ነው፤ አንድ ፌዝ ላይ አምስት ምጣድ ከተገናኘ ሞልቷል። አዳዲስ ቤቶች ምሰሶው ላይ ለእጅ በቀረበው ሽቦ ላይ ስለሚቀጠሉ አንዱ ፌዝ ሲጨናነቅ ሌሎቹ ሁለቱ ባዶ ይሆናሉ። የአረፋ ወይም የፋሲካ ዋዜማ ሲመጣ ሁሉም ቤት ይጋግራል፣ ወፍጮውም ይነሣል፤ ወፍጮ ሲነሣ ለአፍታ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። ፊውዙ ይቆረጣል። በቦታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይገባል። ቀጥሎ የሚቆረጠው ትራንስፎርመሩ ነው። የቆጣሪዎቹን ፌዝ መዝግቦ ማከፋፈል የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ አዲስ ዕቃም አይጠይቅም። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በየአካባቢው ባሉት ጣቢያዎቹ ይህን በዓመት አንድ ጊዜ ቢያስለካ፣ ለእያንዳንዱ ትራንስፎርመር ትክክለኛውን ፊውዝ በመጠባበቂያ ቢያስቀምጥ ብዙ ጨለማ ይወገዳል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ መሬት ውስጥ ካለው ውሃ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ለሚያለሙ ገበሬዎች ሽንኩርቱ ሊያኮርት ሲል የሚጠፋ መብራት የዓመት ገቢ ነውና የእነሱ መስመር ቅድሚያ ይሰጠው።

እንጀራን በሶላር መጋገር ለጊዜው የሚያዋጣ አይደለም፤ ይህን ቃል የሚገቡ ፕሮጀክቶችን አትመኑ። ለማገዶ ምርጥ ምድጃ አለ። ስድስት የሲሚንቶ ክፍሎች ያሉት፣ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን ወደ ግማሽ የሚቀንስ ነው። የሚሰነጠቀው ከተቀረጸ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ውሃ እየጠጣ ጥላ ውስጥ ሳይቆይ ፀሐይ ላይ ስለሚሰጣ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ ባለቤቱ። ጤና ኬላው ሶላር ሲበላሽ አንዱ ጽሕፈት ቤት “የኢነርጂ ሥራ ነው” ይላል፣ ሌላው “የጤና ንብረት ነው” ይላል፤ ለጋሹ አስረክቦ ሄዷል። ርክክቡ ላይ ንብረቱ በማን መዝገብ እንደሚገባ ይፈረም፤ የእኛ ሐሳብ የጤና ኬላው በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ቤቱ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ንብረት ሆኖ እንዲመዘገብ፣ የባትሪው ዋጋ ለ60 ወር ተከፍሎ በየዓመቱ በጥገና በጀት እንዲያዝ ነው። የስልክ መሙያውና የውሃው ገቢ ግን የመንደሩ ይሁን። ወሎ ለዚህ ከውጭ የሚማረው የለም፤ ቅሬ አለ። ወርኃዊ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ደብተር የሚይዝ፣ የቀረውን ሰው በስሙ የሚጠራ፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የሚቀብር ማኅበር ያለበት አገር ውስጥ ለሶላር አዲስ ኮሚቴ ፈጥሮ በሁለተኛው ዓመት ማፍረስ ያሳዝናል። የቅሬው ዳኛና ገንዘብ ያዥ ባሉበት፣ ሴቶች ያሉበት፣ በባንክ በሦስት ፊርማ የሚወጣ ሒሳብ ይከፈት፤ ቀሪው በየወሩ ቅሬው ሲሰበሰብ ይነበብ።

ወረዳው ላይ ደግሞ አንድ ሰው፣ አንድ ሞተር ሳይክልና አንድ ቦርሳ። ቦርሳው ውስጥ፦ መልቲሜትር፣ ሃይድሮሜትር (የባትሪ አሲድ መለኪያ)፣ 10 እና 13 ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ፣ የተለያየ አምፔር ፊውዝ፣ 5 ሊትር የባትሪ ውሃ፣ ቫዝሊን፣ ትርፍ ኮንትሮለርና ጥቂት 12 ቮልት አምፖሎች። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪዎችን ለልምምድ ሲያሰማሩ ከዚህ ሰው ጋር ቢልኳቸው ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ባይሆን አንዱ ግን ክረምት ሳይገባ ሊሆን ይችላል። በግንቦት ወር እያንዳንዱ ወረዳ በወሰኑ ውስጥ ያሉትን የጤና ኬላ፣ የትምህርት ቤትና የውሃ ሶላሮች በእግሩ ዞሮ ይይ። አራት ነገር ይመዝግብ፦ ጠዋት ሳይበራ ያለው ቮልት፣ ኮንትሮለሩ ታልፎ ሽቦ መታሰር አለመታሰሩ፣ ፓኔሉ ላይ ጥላ መኖሩ፣ ባትሪው የተገዛበት ዓመት። ታልፎ የታሰረውን እዚያው ፈትቶ ወደ ኮንትሮለሩ ይመልስ፣ ቅርንጫፉን ያስቆርጥ። ዝርዝሩ በሰኔ መጀመሪያ ዞኑ ጋ ከደረሰ በሐምሌ ደመና የትኛው ጤና ኬላ እንደሚጨልም በስሙ ይታወቃል፣ የባትሪ ግዢውም ለአዲሱ በጀት ዓመት በወቅቱ ይደርሳል። ለቅጹና ለልኬቱ ሥልጠና የምንፈለግ ከሆነ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በወሎ በገጠር ኢነርጂና በውሃ ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች